የቀኝ በር

ቮልቮዬ አርጅታለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፤
ሂዩማ ደሴት ላይ፣ ወደቡ ጥግ አለሁ።
ስዊድን ነው ያደገች፣ ያረጀች እኛው ዘንድ፣
ሠላሳ ክረምት ሙሉ ጨው በለበሰ መንገድ።
ወለሏ ተበሳ፣ ጭስ ማውጫዋ ላላ፤
አንደበቷ ግን ደግ፣ ቢጎድላትም ሌላ።

የግራው ስፒከር እንኳ ከሞተ ቆይቷል፣
ማዕበል የመታን ዕለት ውሃ ጠጥቷል።
የቀረን የቀኙ ነው፣ ያ በሌይዳ ጎን፣
ከጉልበቷ አጠገብ የሚያወራልን፤
የዓሣ አጥማጆች ዜና፣ የነፋስ ትንበያ፣
ድንች ስንት እንደዋለ በታሊን ገበያ።

በጥቅምት፣ ማክሰኞ፣ ከመርከቡ ወርደን
ወደ ቤት ስንነዳ ድንገት ጸጥ አለብን።

መጀመሪያ ፊውዙን። ነቀልኩት፣ በመስኮት
ብርሃን አገላበጥኩት፤ እንከን የሌለበት።
ደህናውን ወርውሬ አዲስ ሰካሁበት።
ዝም።

ቀጥሎ ቴፑን ራሱን። ካቻቪቴ ይዤ
ዳሽቦርዱን ፈታሁት፣ በብርዱ ደንዝዤ።
መልሼ ስገጥመው ሁለት ብሎን ተርፎኛል፤
የት እንደነበሩ ዛሬም ይገርመኛል።
ከኢልማር ግቢ፣ ከሙት መኪኖች መሃል
ሌላ ቴፕ ገዛሁኝ፤ «ይሠራል» ብሎኛል።
ሰካሁት፤ መብራቱ አረንጓዴ በራ፣
ካሴቱም ዞረለት፤ አፍ አጣ ሊያወራ።

ሌይዳ ሹራቧን ይዛ በመስኮት ታያለች።
«ስፒከሩንስ አየኸው?» አንድ ቀን አለች።
«እሱ ደህና ነው» አልኩ፣ ሳልነካው፣ ሳልፈታው።
ሲመሽ ግን ከግድግዳ ሰዓቷን አውርጄ
ባትሪዋን ሰረቅኩና ወጣሁ ተሰድጄ።
ሽቦውን በጫፏ ነካ ሳደርገው፣
ጧ! አለ ስፒከሩ። ሕያው ነው። ሕያው ነው!
(ሰዓቷ እስከ ዛሬ አሥር ጉዳይ ላይ ነው።)

ሕያው ከሆነ ታዲያ ስለ ምን ዝም ይላል?
መልሱን ሳላገኘው አዲስ ስፒከር አዘዝኩ።
ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤
እኔ ከጫፍ ጀምሬ ጫፉ ላይ ደረቅኩ።

እሁድ፣ ካርድላ፣ እህቷ ደጅ ቆምን።
ሌይዳ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣች፤
አኮርዲዮን ፈነዳ! እህቷም ደነገጠች።
ተመልሳ ገባች፣ ዘጋች፤ ጸጥ።
ወረደች፤ ዘፈን።
ገባች፤ ጸጥ።
«ስወርድ ይዘፍናል፣ ስገባ ይኮረፋል፤
አንተ አስተምረኸው ነው? ወይስ ጠልቶኛል?»
ሳቅኩ፤ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።
እሷ ግን በሩን ይዛ፣ ቀስ እያለች፣
መረብ በቋጠሮ እንደሚፈትሽ ሰው
ገፋ አድርጋ፣ መለስ አድርጋ፣ አዳመጠችው።
«ሄይኖ» አለች፣ «በሩ ነው።»

በበሩና በገላዋ መሃል የጎማ እጅጌ አለች።
የሄሪንግ ቢላዬን አውጥቼ ሰነጠቅኳት።
ሽቦው ላዩ ሙሉ ነው፣ ልባሱ አልተላጠ፤
መዳቡ ግን ከውስጥ፣ እጥፋቱ ላይ ተበጠሰ፣
አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ አፈሰሰ።
በሩ ሲከፈት ጫፍ ለጫፍ ይነካካል፣
ሲዘጋ ይለያያል።
በቀን አራት ጊዜ ብንል፣ በሠላሳ ዓመት፣
ስትወጣ፣ ስትገባ፣ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ
ይህ ቀጭን ሽቦ ጎንበስ ቀና አለላት።
እኔ በሩን የከፈትኩላት እጇ የተሰበረ ጊዜ ነው፣
ለሦስት ሳምንት።

አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ቀጠልኩበት፣
በየድኩት፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት።
ሌይዳ ተቀመጠች። በሩን ዘጋችው።
«ነፋስ ከምዕራብ፤ ማታ ይበረታል» አለ ሬዲዮው።
እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።
ከዚያ ድምፁን ቀንሳ፣ ወደ እኔ ዞራ፦
«ፊውዙ፣ ቴፑ፣ ስፒከሩ፤
ጠቅላላ ስንት አወጣህ?» አለችኝ።

መሪውን ጨበጥኩ። መንገዱን አየሁ።
አሁን ደግሞ ድምፁ ከእኔ ጠፋ።